ከአል-ዘህራዊ ክር እስከ ጥቁር አንበሳ፦ ከአፍንጫ ተነስቶ ወደ ራስ ቅል የሚወጣው ዕጢ ታሪክ



ነገሩን ከሰፈራችን እንጀምረው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ጀሞ ወይም ለቡ የሚኖር አንድ የ14 ዓመት ልጅ እናስብ። አንደኛው የአፍንጫው ቀዳዳ ከተደፈነ ወራት አልፈዋል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይነስረዋል። እናቱ «ፀሐይ መትቶት ነው» ብላ አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስለታለች። ጎረቤት ሎሚ አሽትቱት ይላል። ጓደኞቹ «ሳይነስ ነው፤ ማን የሌለበት አለ?» ይሉታል። ልጁም ቀስ በቀስ ለመደው። በአፉ እየተነፈሰ ይተኛል፤ ያንኮራፋል፤ ሲናገር ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው። ሕመም ስለሌለው ማንም አልደነገጠም።

አብዛኛው ነስር ቀላል ነገር ነው፤ አፍንጫን ለጥቂት ደቂቃ በመጫን ይቆማል። ነገር ግን አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲገጥሙ ሐኪም ቆም ብሎ ያስባል፦ ታማሚው ወንድ ነው፤ ዕድሜው በጉርምስና ክልል ነው፤ የተደፈነው አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ነስሩም ይመላለሳል። ከዚህ ጀርባ «አንጂዮፋይብሮማ» የሚባል ዕጢ ሊኖር ይችላል። ከደም ሥርና ከጠንካራ ሥጋ የተሠራ ዕጢ ማለት ነው። የሚበቅለው ከአፍንጫ ጓዳ በስተኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ10 እስከ 25 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ካንሰር አይደለም። ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት አይሰራጭም። «ታዲያ ምን ያስፈራል?» የሚል ይኖራል። የሚያስፈራው ቦታው ነው። ዕጢው እያደገ ሲሄድ በአጥንቶች መካከል ያሉትን የተፈጥሮ ቀዳዳዎች ይከተላል፤ መንገድ ሲያጣ አጥንቱን እየገፋ ያሳሳዋል። ወደ ጉንጭ፣ ወደ ዓይን ጉድጓድ፣ ወደ ራስ ቅል ወለል ይዘልቃል። በብዙ ጥናቶች እንደተመዘገበው ከ10 ታማሚዎች በ1 ወይም በ2 ላይ ራስ ቅል ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

በጎልማሶች ላይ ደግሞ «ኢንቨርትድ ፓፒሎማ» የሚባል ሌላ ዕጢ አለ። እሱም በመነሻው ካንሰር አይደለም። ነገር ግን ከሥሩ ካልተነቀለ ይመለሳል፤ ከታማሚዎቹ ጥቂት በማይባሉት፣ ከ100 ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ፣ ከካንሰር ጋር ተያይዞ ይገኛል።

ዛሬ የምናወራው የእነዚህን ዕጢዎች የቀዶ ሕክምና ታሪክ ነው። ታሪኩ በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ይዞራል። ያየነው ነገር ምን እንደሆነ እንዴት እንወቅ? የተደበቀበት ቦታ እንዴት እንድረስ? ደሙንስ እንዴት እናቁም? አንድ ሺህ ዓመት ሙሉ ሐኪሞች የታገሉት ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጋር ነው።

*የቁርጡባው ሐኪም*

በአንደሉስ፣ በቁርጡባ ከተማ አጠገብ፣ መዲነቱ-ዘህራ የምትባል የኸሊፋዎች ከተማ ነበረች። ኸሊፋ ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ መገንባት ያስጀመሯት እ.ኤ.አ. በ936 ነው። አቡል-ቃሲም ኸለፍ ኢብን ዐባስ አል-ዘህራዊ ስማቸውን ያገኙት ከዚህች ከተማ ነው። ያረፉት በ1013 አካባቢ ነው። ትልቁ ሥራቸው «አት-ተስሪፍ» 30 ክፍሎች አሉት። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በውስጡም 200 ያህል የሕክምና መሣሪያዎች ከነሥዕላቸው ቀርበዋል። መሣሪያውን ሥሎ ማሳየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሩቅ አገር ያለ አንጥረኛ ሥዕሉን አይቶ መሥራት ይችላል ማለት ነውና።

በዚህ ክፍል ውስጥ አፍንጫ ውስጥ ስለሚበቅል ሥጋ አንድ ምዕራፍ አለ። አል-ዘህራዊ ሥራውን የሚጀምሩት ከቢላዋ ሳይሆን ከመለየት ነው። አንዱ ዓይነት ብዙ እግር ያለው ነፍሳት ይመስላል ይላሉ። ሌላው ለስላሳ ሥጋ ነው። ሌላው ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ መልኩ የጠቆረ ነው። ይህን የመጨረሻውን በብረት አትንኩት ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ ካንሰር ነውና መንካቱ ታማሚውን ይጎዳል። ለስላሳው ግን ይነሳል።

አነሳሱስ? ታማሚው ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ ይቀመጣል። በዚያ ዘመን መብራቱ ፀሐይ ነበረች። ሐኪሙ የአፍንጫውን ቀዳዳ ይከፍታል፤ በሜንጦ ሥጋውን ይዞ ወደ ውጭ ይስባል፤ ከዚያ በስሱ ምላጭ ይቆርጣል። ሲጨርስ በግምት «ወጥቷል» አይልም፤ ይፈትናል። በአፍንጫው ፈሳሽ ይጨምርና ወደ ጉሮሮ መውረዱን ያያል። ከወረደ መንገዱ ተከፍቷል። ካልወረደ ግን ዓይን ከማያየው ከላይኛው ክፍል የቀረ ሥጋ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ክሩ የሚመጣው። አል-ዘህራዊ ወፈር ያለ ክር ወስደው በየመሀሉ ይቋጥሩታል። ክሩ በአፍንጫ ይገባል፤ ወደ ጉሮሮ ወርዶ በአፍ ይወጣል። ተማሪ ልጆች በትምህርት ቤት ለጨዋታ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ራሳቸው ይጠቅሳሉ። መቼም ልጅ በየዘመኑ ልጅ ነው! ከዚያ ሐኪሙ የክሩን ሁለት ጫፍ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይጎትታል፤ ቋጠሮዎቹም የቀረውን ሥጋ እንደ መጋዝ ይቆርጡታል።

ፍትሐዊ እንሁን። ይህ ዘዴ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ፈጠራ አይደለም። ከእሳቸው በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የነበረው ጳውሎስ አጊኒታ የቋጠሮውን ክር ጽፎታል። ከእሱም በፊት የሂፖክራተስ ተከታዮች ስፖንጅ በክር አስረው በአፍንጫ በኩል ወደ አፍ ይስቡ ነበር። የአል-ዘህራዊ ትልቅነት ከቀደሙት የተቀበሉትን ሠርተው፣ አርመው፣ ፈተናውን ጨምረውና በሥዕል አስደግፈው ለመጪው ትውልድ ማስተላለፋቸው ላይ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ በቶሌዶ ከተማ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ወደ ላቲን መለሰው። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ቀዶ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት።

ስለ ደምም ጽፈዋል። የተቆረጠ የደም ቧንቧ የሚቆመው በአራት መንገድ ነው ይላሉ፦ በእሳት በመተኮስ፤ በከፊል የተቆረጠውን ጨርሶ በመቁረጥ ጫፎቹ እንዲሸማቀቁ በማድረግ፤ በክር አጥብቆ በማሰር፤ ወይም ደም በሚያቆም መድኃኒትና በጥብቅ ማሸጊያ። ሁለተኛውን መንገድ ልብ በሉት። ጤነኛ የደም ቧንቧ በግድግዳው ላይ የጡንቻ ሽፋን ስላለው ሲቆረጥ ይሸማቀቃል። የአንጂዮፋይብሮማ የደም ሥሮች ግን ይህ የጡንቻ ሽፋን የላቸውም ወይም እጅግ የሳሳ ነው። ሲቆረጡ አይጠቡም፤ ዝም ብለው ይፈሳሉ። የዚያ የጀሞ ልጅ ነስር እየተመላለሰ የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

*ፊትን የመክፈት ዘመን*

ከአል-ዘህራዊ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት መሠረታዊው ችግር አልተፈታም። ክርና ሜንጦ አፍንጫ ውስጥ ያለውን ሥጋ ያወጣሉ፤ ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ራስ ቅል ወለል የወጣውን ግን አይደርሱበትም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1846 ቦስተን ውስጥ ዊልያም ሞርተን በኤተር ማደንዘዝን በአደባባይ ካሳየ በኋላ ቀዶ ሐኪሞች ረጋ ብለው ወደ ውስጥ መዝለቅ ቻሉ። ነገር ግን መንገዱ ፊትን መክፈት ነበር።

በ1902 ፈረንሳዊው ሐኪም ሙር ከዓይን ሥር ጀምሮ በአፍንጫ ጎን ወደ ታች የሚወርድ ቁርጥ አስተዋወቀ። ሌሎች በላንቃ በኩል ገቡ፤ ሌሎች የላይኛውን መንጋጋ አጥንት ከፈቱ። ዕጢው ወጣ፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። የ15 ዓመት ልጅ ፊቱ ላይ ዕድሜ ልክ የማይጠፋ ጠባሳ ይዞ ይወጣል፤ የፊቱ አጥንት ገና በማደግ ላይ ሳለ ስለተነካ ጎኑ ሊያንስ ይችላል። ደሙም በሊትር ይፈስ ነበር። ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን የለየው በ1901 ነው፤ ከዚያ በፊት የፈሰሰውን ደም በሰላም የሚተካ መንገድ አልነበረም።

ማወቁም ቢሆን ጊዜ ወስዷል። ስዊድናዊው ሪንገርትዝ ፓፒሎማው ወደ ውስጥ እየታጠፈ እንደሚያድግ በ1938 ገለጸ። «አንጂዮፋይብሮማ» የሚለውን ስም ፍሪድበርግ የተጠቀመው በ1940 ነው። ስሙ ዕጢው ከደም ሥር የተሠራ መሆኑን ስለሚናገር ሐኪሙ ገና ሳይነካው ያስጠነቅቀዋል። ዛሬም ይህን ዕጢ የጠረጠረ ሐኪም በተራ ክሊኒክ ናሙና አይቆርጥም። ትንሽ ቁርጥ ከባድ የደም መፍሰስ ልታስከትል ትችላለች። አል-ዘህራዊ «ሳትለይ አትንካ» ያሉት መርሕ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

*ሦስቱ መልሶች*

ሦስቱ ጥያቄዎች እውነተኛ መልስ ያገኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ማየት ነው። በጥቅምት 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ በሲቲ ስካን ተነሳ። ሐኪሙ ከመቁረጡ በፊት ዕጢው የት እንደጀመረ፣ የትኛውን አጥንት እንዳሳሳ፣ ወደ ራስ ቅል መግባት አለመግባቱን ማየት ቻለ። በኋላ የመጣው ኤምአርአይ ደግሞ ዕጢውን ከአንጎል ሽፋንና ከዓይን ነርቭ ይለያል።

ሁለተኛው መልስ ደሙን አስቀድሞ መዝጋት ነው። ዕጢውን በዋናነት የሚመግበው የላይኛው መንጋጋ የደም ቧንቧ ነው፤ እሱም በአንገት ከሚወጣው ትልቅ ቧንቧ የውጭ ቅርንጫፍ የሚነሳ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከዚያ ቧንቧ ድረስ ይመሩታል፤ ከዚያ ጥቃቅን ቅንጣቶች ለቀው ይዘጉታል። ቀዶ ሕክምናው በአንድ ወይም በሁለት ቀን፣ ቢበዛ በሦስት ቀን ውስጥ ይከተላል። በሊትር ይፈስ የነበረው ደም በእጅጉ ይቀንሳል።

ሦስተኛው መልስ መንገዱ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሆፕኪንስ በ1959 የመስታወት ዘንግ ያለበት ቀጭን የማያ መሣሪያ ነደፈ። በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ ቮልተር ሜሰርክሊንገር በዚህ መሣሪያ የአፍንጫን ውስጥ በጥልቀት አጠና። አል-ዘህራዊ ታማሚውን ወደ ፀሐይ ያዞሩት ነበር፤ አሁን ግን ብርሃኑ ራሱ አፍንጫ ውስጥ ገባ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንጂዮፋይብሮማን ፊት ሳይከፈት በአፍንጫ ቀዳዳ ማውጣት ተለመደ።

የሚገርመው ይህ መንገድ በጣም ጥንታዊ መሆኑ ነው። የጥንት ግብፃውያን አስከሬን ሲያደርቁ በአፍንጫ በኩል ስሱን አጥንት ሰብረው አንጎልን ያወጡ ነበር። ከአፍንጫ እስከ አንጎል ያለው ግድግዳ ስስ መሆኑን ያውቁ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ግን ሌላ ነው። ያ ግድግዳ ከተከፈተ የአንጎል ውሃ በአፍንጫ ይፈስሳል፤ ማጅራት ገትር ይከተላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ መግባቱን ብቻ ሳይሆን መዝጋቱንም መማር ነበረባቸው። በ2006 የአርጀንቲናው ጉስታቮ ሐዳድና ባልደረቦቹ ከአፍንጫ መሀል ግድግዳ የሚነሳ፣ የራሱ ደም ሥር ያለው ሥጋ አጥፎ ቀዳዳውን መድፈን የሚቻልበትን መንገድ አሳተሙ። በአፍንጫ በኩል ራስ ቅል ላይ መሥራት በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም በቀላሉ ያልቃል ማለት አይደለም። ራስ ቅል ውስጥ የገባ፣ የዓይን ነርቭን ወይም ትልቁን የአንገት ቧንቧ የከበበ ዕጢ ዛሬም በየትኛውም አገር ከባድ ነው። አንዳንዴ ከላይም ከታችም መክፈት ያስፈልጋል። አንዳንዴ ጥቂት ዕጢ ሆን ተብሎ ይተውና በምስል ይከታተሉታል፤ ወይም ጨረር ይሰጣል፤ በልጅ ላይ ጨረር የራሱ መዘዝ ስላለው ግን በቀላሉ አይመረጥም። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ታማሚው በመጣበት ሰዓት ነው። አፍንጫ ውስጥ ብቻ ያለ ዕጢና ራስ ቅል የደረሰ ዕጢ ስማቸው አንድ ነው፤ ዕጣቸው ግን አንድ አይደለም።

*ወደ አገራችን እንመለስ*

ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የገባበት አንዱ ትልቅ በር ጦርነት ነበር። ከዐድዋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለማከም መጣ፤ የምኒልክ ሆስፒታል ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አገሪቱ የራሷን ሐኪሞች በራሷ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው ግን የሕክምና ፋኩልቲው በ1964 ሲከፈት ነው። ጥቁር አንበሳ የዚህ ፋኩልቲ ማስተማሪያ ሆነ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ሰሞን ወደ ሕክምና ኮሌጅነት አደገ።

ሕዝባችን የአፍንጫ፣ የጆሮና የጉሮሮ ስፔሻሊስትን «ከአንገት በላይ ሐኪም» ይለዋል። ስሙ ጥሩ ነው፤ ግን የዛሬው ዕጢ የዚህን ሐኪም ድንበር ያልፋል። ወደ ራስ ቅል ሲዘልቅ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አገራችን ረጅም ጊዜ ክፍተት ነበረባት። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞቻችን በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲና ከሃውክላንድ ሆስፒታል ጋር ሆኖ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናን በአገር ውስጥ ጀመረ። ኖርዌያውያኑ እየተመላለሱ አስተማሩ፤ የተመረቁት ደግሞ በተራቸው ሌሎችን አስተማሩ። ይህ ለእኛ ርዕስ ቁልፍ ነገር ነው። ከታች የሚመጣው ከአንገት በላይ ሐኪምና ከላይ የሚመጣው የአንጎል ሐኪም በአንድ ክፍል ውስጥ ሊገናኙ የሚችሉት ሁለቱም ሲኖሩ ብቻ ነውና።

ለዚህ አንድ ቀዶ ሕክምና ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ቁጠሩ። ሁለቱ ቀዶ ሐኪሞች፣ ምስሉን የሚያነበው የራዲዮሎጂ ሐኪም፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ ናሙናውን የሚመረምረው የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ነርሶቹ። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው አለ፤ ደም የለገሰው።

*ለእኛ ምን ይተርፈናል?*

አንደኛ፣ «ካንሰር አይደለም» የሚለው ቃል «ተወው» ማለት አይደለም። የልጁን ሕይወት የሚወስነው ዕጢው ካንሰር መሆን አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን የት እንደደረሰ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ጎን ብቻ የተደፈነ አፍንጫ ከሚመላለስ ነስር ጋር ለወራት ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ወደ ከአንገት በላይ ሐኪምም ሪፈር ይጠይቅ። ጉንጭ ካበጠ፣ ዓይን ከወጣ፣ እይታ ከደበዘዘ ነገ አይባልም። ከጀሞ ሜክሲኮ በታክሲ የሚኬድ መንገድ ነው፤ ጥቁር አንበሳም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከሩቅ ገጠር የሚመጣው ወንድማችን ቀናት ተጉዞ የሚደርስበት ቦታ ለእኛ ደጃችን ነው። እኛ ከዘገየን ምክንያታችን መንገዱ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛ፣ ሩቅያ ማስደረግ የፈለገ ያስደርግ፤ ሐኪም ጋር ከመሄድ ግን አይከለክለውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል። አል-ዘህራዊም ሙስሊም ነበሩ፤ ዱዓቸውን አልተዉም፤ ሜንጦውንም አልጣሉም። በቤት ውስጥ አፍንጫ ውስጥ የሚጠነቁል፣ ሥጋውን በመርፌ ወይም በጥፍር የሚነካ ካለ ግን አስቁሙት። «ሳትለይ አትንካ» የሚለው መርሕ ለሐኪም ብቻ አይደለም።

አራተኛ፣ ዕድሜያችሁ 18 የሞላ ጤነኞች ደም ለግሱ። በየሦስት ወሩ መለገስ ይቻላል። በጀመዓ ሆናችሁ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው። የዛሬ ሺህ ዓመት አል-ዘህራዊ ደምን ለማቆም አራት መንገድ ጽፈዋል፤ የፈሰሰውን መተካት ግን በእጃቸው አልነበረም። ዛሬ በእጃችን ነው፤ በክንዳችን ውስጥ ይዘነው እንዞራለን።

አምስተኛ፣ ለተማሪዎች። የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትጠብቁ፣ ሕክምና ልግባ አልግባ የምትሉ፣ ይህን ታሪክ መለስ ብላችሁ እዩት። ክሩን እስክንድርያ ጻፈው፤ ቁርጡባ አሻሻለው፤ ቶሌዶ ተረጎመው፤ ግራዝ ብርሃን አስገባበት፤ ሮዛሪዮ መዝጊያውን አገኘ፤ በርገን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አስተማረ። ሰንሰለቱ ማንንም በዘሩ አልጠየቀም፤ የጠየቀው የተቀበለውን አሻሽሎ የሚያስረክብ ሰው ነው። «የእኛ ሰዎች ነበሩ» እያልን ስለ አል-ዘህራዊ መኩራራት ይቀለናል። እሳቸው የያዙትን ጫፍ ይዞ መቀጠል ግን ሌላ ሥራ ነው። ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ልጆች መካከል ነገ ከአንገት በላይ ሐኪም፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስት የሚሆን ለምን አይኖርም?

ያ የ14 ዓመት ልጅ ዛሬም በአፉ እየተነፈሰ ይተኛል። ታናሽ ወንድማችሁ፣ የጎረቤት ልጅ ወይም አብሯችሁ ኳስ የሚጫወተው ሊሆን ይችላል። ካወቃችሁት ነገ ጠዋት አንቀሳቅሱት። ይህን ጽሑፍ ላላነበበ እናት አንብቡላት።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ይማር፤ ሐኪሞቻችንንም በዕውቀትና በእዝነት ያግዛቸው። ወላሁ አዕለም።